የአገር ውስጥ በረራ ዋጋ፦ የመቀመጫ ዋጋ እንዴት ይወሰናል? መቼስ ይቀንሳል?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ነዋሪ የሆኑ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ቀን፣ በአንድ አውሮፕላን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ድሬዳዋ ሊጓዙ ይችላሉ። ይሁን እንጂ አንደኛው ለትኬቱ የከፈለው ገንዘብ ሌላኛው ከከፈለው በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል። ይህ ልዩነት ብዙውን ጊዜ በስህተት ወይም በማጭበርበር የመጣ ሳይሆን፣ አየር መንገዶች በመላው ዓለም የሚጠቀሙበት የዋጋ አወሳሰን ሥርዓት ውጤት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሥርዓቱን አሠራር፣ የትኬት ዋጋ የሚቀንስባቸውንና የሚጨምርባቸውን ምክንያቶች እንዲሁም መንገደኞች ሊያደርጉት የሚገባውን ጥንቃቄ ማስረዳት ነው።

ታሪካዊ ዳራ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የተቋቋመው ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አድርጓል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አገልግሎቱ ይሰጥ የነበረው ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ የሚጠራው ሰፈር ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ማረፊያ ነው። የልደታው ማኮብኮቢያ ለጄት አውሮፕላኖች የሚመች ባለመሆኑ፣ በ1955 ዓ.ም. የቦይንግ 720 ጄቶች ሲገቡ አገልግሎቱ ወደ ቦሌ ተዛውሯል።

አየር መንገዱ ከተመሠረተበት ጊዜ ጀምሮ የአገር ውስጥ በረራ ተግባር መንገደኛን ከማመላለስ በላይ ነበር። መንገድ ያልደረሰባቸውን ወይም በክረምት የሚቆረጡ አካባቢዎችን ከመዲናዋ ጋር ማገናኘትም የዚሁ አገልግሎት አካል ነበር። ዛሬም ወደ ጎዴ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ አሶሳ ወይም ወደ ጂንካ የሚደረግ በረራ ከንግድ ፋይዳው ባሻገር አገራዊ ፋይዳ አለው። የትኬት ዋጋ ጉዳይ ከተራ ግብይት በላይ ሆኖ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

የአንድ በረራ ወጪ

የአንድ በረራ ወጪ አብዛኛው ክፍል አውሮፕላኑ ሞላም አልሞላም የማይለወጥ ነው። ነዳጅ፣ የአውሮፕላን ግዢ ወይም ኪራይ፣ ጥገና፣ የበረራ ሠራተኞች ደመወዝ፣ ኢንሹራንስ፣ የማረፊያና የአየር ክልል አገልግሎት ክፍያ ሁሉም አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት የተወሰኑ ናቸው። ነዳጅ ብቻውን በብዙ አየር መንገዶች ከጠቅላላ ወጪው ከሩብ እስከ ሲሶ የሚደርስ ድርሻ ይይዛል።

በአገራችን ሁኔታ ሦስት ተጨማሪ ነጥቦችን ማስተዋል ያስፈልጋል።

በመጀመሪያ፣ ከወጪዎቹ ዋና ዋናዎቹ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈሉ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በብር የሚሸጥ ትኬት በዶላር የሚከፈል ወጪን መሸፈን ስላለበት፣ የምንዛሪ ለውጥ በአገር ውስጥ ትኬት ዋጋ ላይ ጫና ማሳደሩ አይቀርም።

ሁለተኛ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ አውሮፕላን ሲነሳ ሊሸከም የሚችለው ክብደት ይቀንሳል፤ ይህም ለአውሮፕላን ምርጫና ለጭነት መጠን ገደብ ያስቀምጣል።

ሦስተኛ፣ አጭር በረራ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከረጅም በረራ ይልቅ ውድ ነው። ብዙ ነዳጅ የሚፈጀው አውሮፕላኑ ሲነሳና ከፍታ ሲይዝ ነው፤ የማረፊያ ክፍያም በረራው አጠረ ተብሎ በዚያው መጠን አይቀንስም። ስለሆነም የትኬት ዋጋ በርቀት ብቻ የሚሰላ አይደለም።

አንድ አውሮፕላን፣ በርካታ ዋጋዎች

አሠራሩን ለመረዳት የሚከተለውን ምሳሌ እንመልከት። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የቀረቡ እንጂ የማንኛውም አየር መንገድ ትክክለኛ ተመን አይደሉም።

70 መቀመጫ ያለው አንድ አውሮፕላን ለአንድ በረራ 210,000 ብር ወጪ ይጠይቃል እንበል። አውሮፕላኑ ሙሉ ከሆነ የእያንዳንዱ መንገደኛ የወጪ ድርሻ 3,000 ብር ይሆናል። በግማሽ ብቻ ከሞላ ግን ድርሻው 6,000 ብር ይደርሳል። የማይሸጥ መቀመጫ እንደ ጨው ወይም እንደ ሲሚንቶ ለነገ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም፤ የአውሮፕላኑ በር ሲዘጋ ዋጋውን ሙሉ በሙሉ ያጣል።

ለዚህ በረራ በድምሩ 55 ፈላጊዎች አሉ እንበል። ከእነዚህ 25ቱ ከ3,000 ብር በላይ መክፈል አይችሉም፤ 20ዎቹ እስከ 4,500 ብር፣ 10ሩ ደግሞ እስከ 6,000 ብር ይከፍላሉ። አየር መንገዱ አንድ ወጥ ዋጋ ቢያወጣ ውጤቱ እንደሚከተለው ይሆናል፦

- ወጥ ዋጋው 3,000 ብር ቢሆን፦ 55 መንገደኞች፣ ገቢ 165,000 ብር
- ወጥ ዋጋው 4,500 ብር ቢሆን፦ 30 መንገደኞች፣ ገቢ 135,000 ብር
- ወጥ ዋጋው 6,000 ብር ቢሆን፦ 10 መንገደኞች፣ ገቢ 60,000 ብር

በሦስቱም አማራጮች በረራው ኪሳራ ያስከትላል። መቀመጫዎቹ በሦስት የዋጋ እርከን ተከፍለው ለየፈላጊው ቢሸጡ ግን ገቢው 225,000 ብር ይሆናል፤ ወጪውም ይሸፈናል። በመሆኑም የዋጋ ልዩነት ባይኖር ርካሹን ትኬት ይገዙ የነበሩት 25 ሰዎች ይበልጥ ተጠቃሚ አይሆኑም፤ በረራው ራሱ ሊቋረጥ ይችላል። በዚህ ምሳሌ ዝቅተኛው ዋጋ እንዲኖር ያስቻለው ከፍተኛው ዋጋ ነው።

አየር መንገዱ የእያንዳንዱን መንገደኛ አቅም ስለማያውቅ፣ ፈላጊዎችን የሚለየው በትኬቱ ቅድመ ሁኔታዎች ነው። ርካሹ ትኬት ቀደም ብሎ የሚገዛ፣ ቀኑን ለመለወጥ ክፍያ የሚጠይቅ ወይም ገንዘቡ የማይመለስ ሊሆን ይችላል። ውዱ ትኬት ደግሞ እስከ መጨረሻው ሰዓት የሚገኝና በቀላሉ የሚለወጥ ነው። መንገደኛው ከመቀመጫው በተጨማሪ ሐሳቡን የመለወጥ ነፃነትንም ይገዛል ማለት ነው።

ዋጋው ከቀን ወደ ቀን ለምን ይለዋወጣል?

በእያንዳንዱ እርከን የሚሸጡት መቀመጫዎች ቁጥር የተወሰነ ነው። የመጀመሪያው እርከን ሲያልቅ ሽያጩ ወደሚቀጥለው ይሸጋገራል። መንገደኛው ጠዋት ያየው ዋጋ ከሰዓት በኋላ የሚያጣው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ በረራው እንደተጠበቀው ካልተሸጠ ዝቅተኛው እርከን እንደገና ሊከፈት ይችላል።

የአሠራሩን መሠረታዊ ቀመር በ1972 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት በብሪታንያ አየር መንገድ ይሠሩ የነበሩት ኬን ሊትልዉድ ናቸው። ቀመሩ በቀላል አነጋገር የሚከተለው ነው፦ ዛሬ በ3,000 ብር የሚገዛ ሰው ቢመጣና መቀመጫው ቢቆይ በኋላ በ6,000 ብር የሚገዛ ሰው የመገኘት ዕድሉ ከግማሽ በላይ ከሆነ፣ መቀመጫውን ማቆየት ያዋጣል፤ ዕድሉ ከግማሽ በታች ከሆነ ግን ወዲያውኑ መሸጥ ይሻላል። በአሁኑ ጊዜ ይህን ስሌት ለእያንዳንዱ በረራ የሚሠሩት ያለፉትን ዓመታት የሽያጭ መረጃ የሚጠቀሙ ኮምፒውተሮች ናቸው።

በአገራችን ፍላጎት የሚጨምርባቸው ወቅቶች በአመዛኙ ይታወቃሉ። ለገና ወደ ላሊበላ፣ ለጥምቀት ወደ ጎንደር፣ ኅዳር 21 ቀን ለጽዮን ማርያም በዓል ወደ አክሱም፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ክብረ በዓል ወደ ድሬዳዋ የሚጓዘው ሕዝብ ብዙ ነው። በእነዚህ ቀናት ዋዜማ ዝቅተኛው እርከን ቀደም ብሎ ያልቃል።

ከዚህ በተጨማሪ ዋጋው እንደ መንገደኛው ሁኔታ ሊለያይ ይችላል። ለአገር ውስጥ ነዋሪዎችና በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዓለም አቀፍ በረራ ለሚመጡ ጎብኝዎች የሚቀርበው የአገር ውስጥ ትኬት ዋጋ፣ በሌላ አየር መንገድ ለመጣ የውጭ አገር ጎብኝ ከሚቀርበው ያነሰ ነው።

የትኬት ዋጋ የሚቀንስባቸው ሁኔታዎች

የሌሎች አገሮች ልምድ እንደሚያሳየው የአገር ውስጥ በረራ ዋጋ በዋናነት የሚቀንሰው በሦስት መንገዶች ነው።

የመጀመሪያው ውድድር ነው። አሜሪካ በጥቅምት ወር 1978 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የአገር ውስጥ በረራ ዋጋን ከመንግሥት ቁጥጥር ነፃ ካደረገች በኋላ፣ የዋጋ ንረት ታስቦ ሲሰላ የትኬት ዋጋ በእጅጉ ቀንሷል። ሆኖም ውድድር ብቻውን ዘላቂ ዋስትና አይደለም። በደቡብ አፍሪካ በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኩሉላ የተባለው ርካሽ አየር መንገድ ለብዙዎች የመጀመሪያውን የአውሮፕላን ጉዞ ዕድል ፈጥሯል። ባለቤቱ ኮምኤር በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲያቆም ግን በገበያው የነበሩት መቀመጫዎች ቀንሰው ዋጋ ጨምሯል። ወጪውን የማይሸፍን ርካሽ ዋጋ ዕድሜው አጭር ነው።

ሁለተኛው የመንግሥት ድጎማ ነው። ሕንድ በ2017 እ.ኤ.አ. በረራ ባስጀመረችበት «ኡዳን» የተሰኘ መርሐ ግብር፣ አነስተኛ ከተሞችን በሚያገናኙ በረራዎች ከመቀመጫዎቹ የተወሰኑት ለአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ በ2,500 ሩፒ ጣሪያ እንዲሸጡ አድርጋለች፤ የአየር መንገዶቹን የገቢ ጉድለት የሚሸፍነውም መንግሥት ነው። መርሐ ግብሩ ብዙ ከተሞችን ቢያገናኝም፣ የድጎማው ጊዜ ሲያበቃ የተቋረጡ መስመሮች አሉ።

ሦስተኛው አማራጭ የትራንስፖርት አገልግሎት ነው። በዚህ ረገድ የንፋስ ስልክ ላፍቶ ነዋሪዎች ቅርብ ምሳሌ አላቸው። ከክፍለ ከተማው ደቡባዊ ጫፍ አካባቢ ከሚገኘው የፉሪ ለቡ ጣቢያ የሚነሳውና መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር መስመር በአዳማና በአዋሽ በኩል ድሬዳዋ ይደርሳል። ባቡሩ ከአውሮፕላን ይልቅ ረጅም ሰዓት ቢወስድም፣ ጊዜ ላለው መንገደኛ አማራጭ ነው። እንዲህ ያለ አማራጭ በሌለበት መስመር መንገደኛው የቀረበለትን ዋጋ ከመቀበል ውጪ ምርጫው ጠባብ ነው።

በሕግ ረገድም ለውጥ ተደርጓል። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 769/2005 መሠረት ከ50 መቀመጫ በላይ ባላቸው አውሮፕላኖች የሚሰጥ የመንገደኞች አገልግሎት ለመንግሥት የተከለለ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጡት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 እና ደንብ ቁጥር 474/2012 የአገር ውስጥ አየር ትራንስፖርትን የውጭ ባለሀብት ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር በጣምራ ሊሰማራበት የሚችል ዘርፍ አድርገውታል።

በድንገት የሚጓዝ መንገደኛ

የእርከን ሥርዓቱ አንድ መሠረታዊ ጉድለት አለው። በመጨረሻው ሰዓት ትኬት የሚገዛውን ሁሉ መክፈል እንደሚችል አድርጎ ይቆጥረዋል። ለስብሰባ የሚቸኩል ነጋዴም፣ ዘመድ አርፎ ለቀብር የሚሄድ ሐዘንተኛም፣ በጠና የታመመ ወገኑን ወደ አዲስ አበባ የሚያመጣ ቤተሰብም ለኮምፒውተሩ አንድ ናቸው። በአገራችን የቀብር ሥርዓት ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ስለሚፈጸም፣ ለቀባሪ ቀድሞ ትኬት መግዛት አይታሰብም። በመሆኑም ስለ ትኬት ዋጋ ሲታሰብ ዝቅተኛው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ በዕለቱ ለመጓዝ የተገደደ ሰው የሚጠብቀው ዋጋ ምን ያህል እንደሆነም መታየት ይኖርበታል።

ለመንገደኞች ጠቃሚ ነጥቦች

1. የጉዞ ቀንዎ አስቀድሞ የሚታወቅ ከሆነ፣ በተለይም ለበዓላት፣ ትኬትዎን ቀደም ብለው ይግዙ።
2. የሚቻል ከሆነ ከበዓል ዋዜማና ማግስት የራቀ ቀን ይምረጡ፤ በአንድ ቀን ውስጥ ያሉትን የተለያዩ በረራዎች ዋጋም ያወዳድሩ።
3. ርካሹን ትኬት ከመግዛትዎ በፊት የቀን ለውጥና የገንዘብ ተመላሽ ሁኔታውን ያንብቡ። ጉዞዎ አጠራጣሪ ከሆነ ጥቂት ጨምሮ ሊለወጥ የሚችል ትኬት መግዛት ሊያዋጣ ይችላል።
4. ዋጋ ሲያወዳድሩ ታክስንና የኤርፖርት አገልግሎት ክፍያን ያካተተውን ጠቅላላ ሒሳብ ይመልከቱ፤ የተፈቀደውን የሻንጣ ክብደትም ያረጋግጡ።
5. በነዋሪነት የሚሰጥ ዋጋ ተጠቃሚ ከሆኑ ማንነትዎን የሚያረጋግጥ ሰነድ ይያዙ።
6. ትኬቱን በጉዞ ወኪል በኩል ከገዙ የከፈሉት ገንዘብ በትኬቱና በደረሰኙ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው።
7. ለድንገተኛ ሕመም ወይም ለሐዘን የሚጓዙ ከሆነ፣ ዋጋውን በስልክ መተግበሪያ ብቻ አይተው ከመወሰንዎ በፊት በትኬት ቢሮ ቀርበው ያሉትን አማራጮች ይጠይቁ።

በአጠቃላይ፣ የአንድ መቀመጫ ዋጋ የሚወሰነው በርቀት ሳይሆን በወጪ፣ በፍላጎት፣ በአማራጭና በጊዜ ነው። ይህን የተረዳ መንገደኛ ቀድሞ በማቀድ ወጪውን ሊቀንስ ይችላል። ማቀድ ለማይችለው መንገደኛ ግን ዘላቂው መፍትሔ ተጨማሪ መቀመጫ፣ ጤናማ ውድድርና አስተማማኝ አማራጭ ትራንስፖርት ነው።