የሐይቅ ወለል ምስክሮች

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውና ስሙም ሐይቅ የሆነው ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፤ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ ግን የለም። ከተራራው የሚታጠበው አፈርም ሆነ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ሁሉ እዚያው ይቀራል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲገቡ ገዳሙ ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ውኃው ሸሽቶ በእግር ይገባበታል። በእሳቸው ዘመን የተጻፈው አራቱ ወንጌል ተጠብቆ ቆይቷል። ከእሱ እጅግ የሚያረጀው መዝገብ ግን ከውኃው ሥር ያለው ደለል ነው።

ያ ደለል ተነቧል። በ2003 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ የአበባ ብናኝ ጥናት የአካባቢው ደን የዛሬ 2,500 ዓመት ገደማ እንደተመነጠረ፣ ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ የጽድ ዛፍ መልሶ እንደበቀለ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ እንደሳሳ አሳይቷል። ዳያቶም በሚባሉት ጥቃቅን አልጌዎችና በአልጌ ቀለም ቅሪት ላይ በ2018 የታተመው ጥናት 15,600 ዓመት ወደኋላ ይሄዳል።

ከደለሉ ውስጥ እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የእንስሳቱ ቅሪት ነው። የማይናከሱት ትንኞች፣ ኪሮኖሚድ የሚባሉት፣ እጭነታቸውን የሚያሳልፉት በውኃ ወለል ላይ ነው። እጩ ሲያድግ የጭንቅላቱን ቅርፊት ጥሎ አዲስ ያወጣል፤ የተጣለው ቅርፊት ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ከፊቱ በኩል ጥርስ የተደረደረበት ነው። ይህ ቅርፊት ሳይበሰብስ ሺህ ዓመት ይቆያል። ተመራማሪው ደለሉን በወንፊት አጥቦ ቅርፊቶቹን አንድ በአንድ በመርፌ ይለቅማል፤ በማይክሮስኮፕ ጥርሳቸውን አይቶም ዘራቸውን ይለያል።

ፎስፎረስና ናይትሮጅን ሲበዛ አልጌ ይበዛል፤ የሞተው አልጌ ወደ ወለል ወርዶ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። አየር የሚሹት ዝርያዎች ይጠፋሉ፤ ሄሞግሎቢን ያላቸው ደም መሳይ ቀይ እጮች ይተርፋሉ። ጀርመናዊው አውግስት ቲነማን በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሐይቆችን በእነዚህ እጮች የከፈለው ይህን አይቶ ነው።

የእሱን መለኪያ እንዳለ አምጥቶ ሐይቅ ላይ መጫን ግን ስሕተት ነው። በሞቃት አገር ጥልቅ ውኃ፣ ንጥረ ምግቡ ጥቂት ቢሆንም እንኳ፣ ታቹ አየር ያጥረዋል። እንስሳቱን መፈለግ ያለብን ጥልቁ ላይ ሳይሆን ዳር ዳሩን ነው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ወለል ላይ የሚኖሩትን እንስሳት ያነጻጸረው የ1989 ጥናት ለዚህ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ሐይቅ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ተለውጧል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ነጭ ሳህን በገመድ ወደ ውኃው ሲወርድ እስከ 9 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይታይ ነበር። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ከሁለት ሜትር በታች ይሰወር ጀመር፤ በ1992 የወጣ ጥናትም የሐይቁ ውኃ በንጥረ ምግብ መበልጸጉን መዘገበ። በመካከሉ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተጨምሮበታል። ዓሣው አልጌ የሚበሉትን ጥቃቅን እንስሳት በልቶ አልጌውን አፋፋው ወይስ የእርሻው አፈር ነው ያባባሰው? ሳህኑ ግልጽነትን እንጂ ምክንያትን አይለካም።

ከሐይቁ ወደ ወንዝ ስንሻገር፣ ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች አድርጎ ቦርከና ይገባል። ከድንጋይ ሥር ያሉት እንስሳት ያለፉትን ወራት ይመሰክራሉ፤ የዛሬ አርባ ዓመቱን አያውቁም፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ወለሉን ይጠርጋል። ስለዚህ ወንዙን በየወቅቱ መቁጠር ያስፈልጋል፤ ቆጠራውም ከፍሳሹ መግቢያ በላይና በታች መሆን አለበት።

ለሐይቅ ግን ከዳር አካባቢ የሚወጣ አጭር የደለል ቱቦ ለመጀመሪያ ይበቃል። ዕድሜው ሊድ-210 በሚባለው ራዲዮአክቲቭ እርሳስ ተለክቶ፣ የእጮቹ ቅርፊት ከዳያቶሙ ጎን ሲቆጠር፣ ለውጡ የጀመረው ቆሮሶው ከመግባቱ በፊት ይሁን ወይም በኋላ ይለያል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ላይ ነው፤ ሐይቁ ከደጁ ብዙም አይርቅም።