ሰዓት መቀነስ ወይስ ሰው መቀነስ? የጀርመንና የስፔን ሥራ አጥነት ከ2005 እስከ 2024

በ2005 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጀርመን የሥራ አጥነት ምጣኔ 11 በመቶ አካባቢ ነበር፤ የስፔን ግን ከ9 በመቶ ብዙም አያልፍም። «የአውሮፓ በሽተኛ» የሚለው ቅጽል የተለጠፈውም በጀርመን ላይ ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ ጀርመን ወደ 5 በመቶ ስትወርድ ስፔን 26 በመቶ ደረሰች። ይህን ልዩነት በጀርመኖች ትጋትና በስፔኖች ቸልተኝነት የሚያስረዱ አልጠፉም፤ የሕዝብ ጠባይ ግን በስምንት ዓመት አይገለበጥም። በእኔ እምነት ሁለቱን አገሮች የለያቸው ገበያ ሲቀዘቅዝ የሚቀንሱት ነገር ነው፤ አንዷ የሥራ ሰዓት፣ ሌላዋ ሠራተኛ ትቀንሳለች።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ስለ አቆጣጠሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በጥር 2005 የጀርመን ተመዝጋቢ ሥራ አጦች ከ5 ሚሊዮን አለፉ። በዚያው ወር ግን «ሃርትዝ አራት» የሚባለው ሕግ ሥራ ላይ ውሎ፣ መሥራት እየቻሉ በማኅበራዊ ድጎማ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ከረጅም ጊዜ ሥራ አጦች ጋር በአንድ መዝገብ ተጠቃለው ነበር። ከጭማሪው ከፊሉ ቀድሞም የነበረ፣ ግን ያልተቆጠረ ሥራ አጥ ነው። ደግሞም በጀርመን በሳምንት ከ15 ሰዓት በታች የሚሠራ ሰው በሥራ አጥነት ሊመዘገብ ይችላል፤ በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መለኪያ ግን በሳምንቱ አንዲት ሰዓት በክፍያ የሠራ ሰው ሥራ አጥ አይባልም። እዚህ የምጠቀምባቸው ምጣኔዎች በዚህ በሁለተኛው መለኪያ የተሰሉ ናቸው።

በ2009 የጀርመን ምርት ከ5 በመቶ በላይ ሲያሽቆለቁል ሥራ አጥነቱ የጨመረው በግማሽ ነጥብ እንኳ አይደለም። «ኩርዛርባይት» በሚባለው ሥርዓት አሠሪው ሰዓት ይቀንሳል፤ መንግሥት ደግሞ ሠራተኛው ካጣው የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶውን፣ ልጅ ላለው 67 በመቶውን ይተካል። በዚያ ዓመት ግንቦት ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ሠራተኞች በዚህ ጥላ ሥር ነበሩ። ማይክል ቡርዳና ጄኒፈር ሀንት በ2011 እንዳሳዩት ግን ምስጋናው ሁሉ ለኩርዛርባይት አይገባም፤ አሠሪዎች በቀደመው የዕድገት ወቅት ቆጥበው ስለ ቀጠሩ የሚያሰናብቱት ብዙ ሰው አልነበራቸውም፤ ሠራተኞችም ትርፍ ሰዓታቸውን እንደ ቁጠባ አጠራቅመው ነበር።

በስፔን የምርቱ ውድቀት ከጀርመን ያነሰ፣ ከ4 በመቶ በታች ነበር። ሥራ አጥነቱ ግን በአንድ ዓመት ከ11 ወደ 18 በመቶ ዘለለ። ከስምንት ሠራተኞች አንዱ የሚኖረው በግንባታ ነበርና የቤት ገበያው ሲወድቅ መጠጊያ አላገኘም። ከሁሉ የከፋው ግን የቅጥር ሕጉ ነው። ከ1984ቱ ማሻሻያ በኋላ የተስፋፋው ጊዜያዊ ኮንትራት ከሠራተኛው ሲሶውን ያህል አዳርሶ ነበር። መደበኛ ቋሚ ሠራተኛን ያለ በቂ ምክንያት ማሰናበት ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የ45 ቀን ደመወዝ ያስከፍል ነበር፤ ጊዜያዊውን መሸኘት ግን 8 ቀን ብቻ። አሠሪው ሰዓት ለመቀነስ ከሠራተኛ ጋር የሚደራደርበት ምን ምክንያት ነበረው? ኮንትራቱ እስኪያልቅ ይጠብቅ ነበር። ወጣቱም በአብዛኛው ጊዜያዊ ስለ ነበር በ2013 ከ25 ዓመት በታች ከሆኑት፣ ሥራ ካላቸውና ከሚፈልጉት ወጣቶች በድምሩ፣ ከግማሽ በላይ ሥራ አጥ ሆኑ።

2020 ይህን ሐሳብ የሚፈትን ዓመት ሆነ። ወረርሽኙ የስፔንን ምርት በ11 በመቶ ገደማ ቢያወርደውም ሥራ አጥነቱ ከ14 ወደ 15.5 በመቶ ብቻ ነው ያለፈው። ምክንያቱም ስፔን በዚህ ጊዜ «ኤርቴ» የተባለውን፣ ከኩርዛርባይት ጋር የሚዛመድ የራሷን ሥርዓት አስፋፍታ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሠራተኞችን ከአሠሪዎቻቸው ሳይለያዩ አቆየች። እርግጥ የተዘጋ ሆቴል ነገ ይከፈታል፤ የከሰረ የግንባታ ድርጅት ግን አይመለስም፤ ስለዚህ ሁለቱ ቀውሶች ፍጹም አቻ አይደሉም። የኤርቴ ሠራተኛ ቤቱ ቢቀመጥም በአኃዙ ላይ ሥራ እንዳለው ተቆጥሯል፤ በእንቅስቃሴ ገደቡ ምክንያት ሥራ መፈለግ ያቆመውም ከሥራ አጦች ዝርዝር ወጥቷል።

በ2021 መጨረሻ የወጣው የስፔን ሕግ ጊዜያዊ ኮንትራትን አጥብቦ በየወቅቱ እየተጠራ ለሚሠራ ቋሚ ሠራተኛ በሩን ከፈተ። በ2024 ምጣኔው ወደ 11 በመቶ ወርዷል፤ የጀርመን 3.4 ያህል ነው። በባሌሪክ ደሴቶች ሆቴሉ በክረምት የተዘጋበት አስተናጋጅ አሁን በሕግ ቋሚ ሠራተኛ ስለሆነ በሥራና ሠራተኛ ቢሮው የሥራ አጦች ቁጥር ውስጥ አይገባም። የሕዝብ ጥናት ጠያቂ ደውሎ ሌላ ሥራ እየፈለገ መሆኑን ከነገረው ግን ሥራ አጥ ነው።