ቢ-29፦ ከቦምብ ጣይነት ወደ አየር ሁኔታ ቃኚነት

ቢ-29 «ሱፐርፎርትረስ» የተሰኘው ባለ አራት ሞተር አሜሪካ ሠራሽ የጦር አውሮፕላን በዓለም ዘንድ የሚታወቀው ሂሮሺማንና ናጋሳኪን ባወደሙት ሁለት አቶሚክ ቦምቦች ነው። ብዙም የማይነገረው ሌላው ታሪኩ ግን የአየር ሁኔታ ቅኝት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከእነዚህ አውሮፕላኖች የተወሰኑት ለአሥር ዓመት ገደማ ከሰሜን ዋልታ በረዶ እስከ ፓስፊክ ዐውሎ ነፋስ እየበረሩ የነፋስን ኃይል፣ የአየርን ግፊትና እርጥበት ሲለኩ ኖረዋል። ለዚህ ተግባር የተመደቡት «ደብሊው ቢ-29» የሚል ስያሜ ተሰጥቷቸዋል፤ የፊተኛው ፊደል በእንግሊዝኛ የአየር ሁኔታ ለሚለው ቃል የቆመ ነው። የሶቭየት ኅብረት የመጀመሪያ አቶሚክ ቦምብ መፈንዳቱን ለምዕራቡ ዓለም ያሳወቀው የመጀመሪያ ምልክትም የተገኘው ከአንድ ደብሊው ቢ-29 ላይ ነው።

አውሮፕላኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 1942 ነበር። የክንፎቹ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 43 ሜትር፣ የእያንዳንዱ ሞተር ጉልበት 2,200 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ የበረራ ባልደረቦቹ የሚቀመጡባቸው ክፍሎች የአየር ግፊታቸው የተጠበቀ በመሆኑ በ9 ሺህ ሜትር ከፍታ ያለ ኦክስጅን ጭምብል መሥራት ይቻል ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ታላቅ እመርታ ነው። በአንጻሩ ሞተሮቹ በቀላሉ ስለሚግሉ በእሳት የመያያዝ አደጋ አልተለያቸውም፤ በየካቲት 1943 ሁለተኛው የሙከራ አውሮፕላን በሲያትል ከተማ ወድቆ ዋናው የሙከራ አብራሪ ኤዲ አለን ከነባልደረቦቹ ሞቷል። ያም ሆኖ በጥድፊያ ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ቢ-29ዎች ተሠሩ።

በጃፓን ሰማይ ላይ ቢ-29ን እጅግ የፈተነው ተዋጊ አውሮፕላን ወይም መድፍ ሳይሆን ነፋስ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 24 ቀን 1944 ከማሪያና ደሴቶች ወደ ቶኪዮ ከተነሡት ከመቶ በላይ አውሮፕላኖች መካከል የታለመውን የሞተር ፋብሪካ ለመምታት የቻሉት 24 ብቻ ናቸው። በ9 ሺህ ሜትር ከፍታ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ ከኋላ እየገፋ ስላስሮጣቸው፣ አላሚዎቹ ቦምቡን የሚጥሉበትን ቅጽበት በትክክል መቀመር አልቻሉም። ዛሬ «ጄት ስትሪም» የምንለው ይህ የላይኛው አየር ወንዝ ነበር። የሚያስገርመው፣ ጃፓናዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ዋሳቡሮ ኦይሺ ይህንኑ ነፋስ በ1920ዎቹ በፊኛ ለክቶ ውጤቱን አሳትሞ ነበር። ዓለም እንዲያነብለት በማሰብ የጻፈው በኤስፔራንቶ ቋንቋ በመሆኑ ግን አንባቢው ጥቂት ሆነ። ነፋሱና ደመናው ከፍ ብሎ መደብደብን ከንቱ ስላደረጉት፣ ጄኔራል ከርቲስ ለሜይ በመጋቢት 1945 በሌሊት ዝቅ ብሎ እየበረሩ ከተሞችን በእሳት ወደ ማጋየት ስልት ተሸጋገሩ። በአንዲት ሌሊት ብቻ በቶኪዮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ።

ከዚሁ ችግር የተነሣ ነጠላ ቢ-29ዎች ዋናውን ኃይል ቀድመው የጃፓንን ሰማይ መቃኘት ጀመሩ። ነሐሴ 6 ቀን 1945 ማለዳ «ስትሬት ፍላሽ» የተባለው አውሮፕላን በሻለቃ ክሎድ ኢዘርሊ አዛዥነት ከሂሮሺማ በላይ ደረሰ። በከተማዋ የአደጋ ደወል ተሰማ፤ አውሮፕላኑ አንዳች ሳይጥል ሲመለስ አደጋው ማለፉ ተነገረና ነዋሪው ወደ ዕለት ሥራው ወጣ። ኢዘርሊ ግን ሰማዩ ጥርት ያለ መሆኑን በሬዲዮ አሳውቆ ነበር። ቦምቡ የተጣለው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ኮኩራ የተባለችው ከተማ ተራዋ ደርሶ ሳለ፣ ቀዳሚው ቃኚ ሰማዩ ክፍት ነው ብሎ ቢያሳውቅም ቦምቡን የያዘው አውሮፕላን ሲደርስ ደመናና ጭስ ሸፍኗት ነበር። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ዒላማውን ማየት ስላልቻለ ወደ ናጋሳኪ አቀና። ደመና የአንዲትን ከተማ ነፍስ ከሌላዋ ጋር እንደለወጠ በዚያ ቀን ታየ።

ጦርነቱ ሲያበቃ የአየር ሁኔታ በረራው አልቆመም። በታኅሣሥ 1944 በፊሊፒንስ አቅራቢያ የአድሚራል ሃልሲ የጦር መርከቦች ሳያውቁት ታይፉን ውስጥ ገብተው ሦስት መርከቦችና 790 ገደማ መርከበኞች መጥፋታቸው፣ በውቅያኖስ ላይ ዐውሎን ቀድሞ የሚያይ ዓይን እንደሚያስፈልግ አስተምሯል። ሰው ሠራሽ ሳተላይት ገና ባልነበረበት ዘመን ይህን ማድረግ የሚችለው ሩቅ በራሪ አውሮፕላን ብቻ ነው። ስለዚህ በቢ-29 ሆድ ውስጥ በቦምብ ፈንታ ተጨማሪ የነዳጅ ጋኖች ገቡ፤ ቦምብ አላሚው ይቀመጥበት በነበረው በመስተዋት የተከበበ የፊት ወንበርም የአየር ሁኔታ ተመልካቹ ተተካ። በረራው ከ14 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ተመልካቹ የደመናውን ዓይነት፣ ሙቀቱንና የነፋሱን አቅጣጫ በየጊዜው ይመዘግባል፤ የሬዲዮ ሠራተኛው መዝገቡን በምልክት ቋንቋ ወደ ምድር ያስተላልፋል፤ ከኋላ ያለው ባልደረባ ደግሞ በዣንጥላ የሚወርድ የመለኪያ መሣሪያ ይጥላል። መስመሮቹ የወፍ ስም ነበራቸው። ከአላስካ እስከ ሰሜን ዋልታ ያለው መስመር በበረዶ አገር በምትኖር ቆቅ መሰል ወፍ «ታርሚጋን» ተብሎ ነበር።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1947 የአሜሪካ ጦር ኃይል ኤታ ማዦር ሹም የነበሩት ጄኔራል አይዘንሃወር፣ በየትኛውም የዓለም ክፍል የሚደረግ የአቶሚክ ፍንዳታን የመለየት ኃላፊነት ለአየር ኃይሉ ሰጡ። ፍንዳታ የሚያስነሣው ጨረር አመንጪ ትቢያ ከላይኛው ነፋስ ጋር ሺህ ኪሎ ሜትሮችን እንደሚጓዝ ስለታወቀ፣ ነፋስን ለመለካት በየቀኑ የሚበርረው አውሮፕላን ለዚህም ተመራጭ ሆነ። በጀርባው ላይ ማጣሪያ ወረቀት የሚገባበት ሣጥን ተገጠመለት። ዘዴው ቀላል ነው፤ አየሩ በወረቀቱ ውስጥ ያልፋል፣ ትቢያው ይቀራል፣ ወረቀቱ በጨረር ቆጣሪ ይመረመራል። አስቸጋሪው ነገር ሐሰተኛው ማንቂያ ነበር። እስከ 1949 ክረምት ድረስ 111 ጊዜ ማንቂያ ተሰምቶ ሁሉም መነሻው የተፈጥሮ ጨረር ሆኖ ተገኝቷል።

መስከረም 3 ቀን 1949 ከሰሜን ጃፓን ሚሳዋ ሰፈር ተነሥቶ ወደ አላስካው አይልሰን ሰፈር ያመራ ደብሊው ቢ-29 ከካምቻትካ ባሻገር በ5,500 ሜትር ከፍታ አለፈ። ከወረቀቶቹ አንዱ ሲመረመር በደቂቃ 85 ምት ቆጠረ፤ ማንቂያ የሚያስነሣው ወሰን 50 ነበር። ቀጣዩ ወረቀት 153 አሳየ። 112ኛው ማንቂያ እውነተኛ ሆነ። ሌሎች አውሮፕላኖች ደመናውን ተከትለው ተሰማሩ፤ ብሪታንያም ከሰሜን አየርላንዱ አልደርግሮቭ ሰፈር የራሷን የጦርነት ዘመን ቦምብ ጣዮች፣ ለአየር ሁኔታ ቅኝት የተመደቡትን ሃሊፋክሶች፣ አስነሣች። በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ቤተ ሙከራ የተደረገው ትንተና ትቢያው የአቶሚክ ፍንዳታ ውጤት መሆኑን አረጋገጠ፤ ዕድሜውንም ቀመረ። ሶቭየት ኅብረት በሴሚፓላቲንስክ ቦምቧን ያፈነዳችው ነሐሴ 29 ቀን ነበርና ስሌቱ ከእውነታው ጋር ተገናኝቷል።

የአሜሪካ የስለላ ተቋም ሞስኮ ቦምቡን የምታገኝበት ይበልጥ የሚገመተው ጊዜ የ1953 አጋማሽ ነው ሲል ነበር። ፕሬዚዳንት ትሩማን ዜናውን መስከረም 23 ቀን ይፋ አደረጉ። ከሁለት ቀን በኋላ የሶቭየቱ ዜና አገልግሎት ታስ በአገሪቱ በግንባታ ሥራ ታላላቅ ፍንዳታዎች እንደሚካሄዱ ጠቅሶ፣ የአቶሚክ መሣሪያው ምስጢር ግን ከ1947 ጀምሮ በእጃችን ነው የሚል መልስ ሰጠ። በጥር 1950 ትሩማን የሃይድሮጂን ቦምብ ሥራ እንዲቀጥል አዘዙ። ወረቀቱ ላይ የተገኘው ትቢያ ለጦር መሣሪያ ፉክክሩ ምን ያህል ክብደት እንደነበረው ከዚህ መገመት ይቻላል።

የዘወትሩ ሥራ ግን ዐውሎ ፍለጋ ሆኖ ቀጠለ። በጉዋም ደሴት የሰፈረው 54ኛው የአየር ሁኔታ ቅኝት ስኳድሮን ታይፉን በተነሣ ቁጥር አውሮፕላን ይልክ ነበር። የዐውሎውን ዓይን ለማግኘት ከደመናው ሥር ከባሕሩ ወለል ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ መብረር የተለመደ ሲሆን፣ በዚያ ከፍታ ሞተር ቢታወክ የማረሚያ ጊዜ አይኖርም። ጥቅምት 26 ቀን 1952 አሥር ሰዎችን የያዘ ደብሊው ቢ-29 «ዊልማ» የተባለውን ታይፉን ለመቃኘት ገብቶ ከፊሊፒንስ በስተምሥራቅ ደብዛው ጠፋ። ሰፊ ፍለጋ ቢደረግም ከአውሮፕላኑም ከሰዎቹም አንዳች አልተገኘም። በአቶሚክ ምርመራው ታሪክ ስሙ የሚነሣው ይህ አውሮፕላን በሰዎቹ ላይ ያስከፈለው ዋጋ እምብዛም አይነገርለትም።

ሞተሮቹ ያረጁት ደብሊው ቢ-29ዎች ከ1955 ጀምሮ ቦታቸውን ለደብሊው ቢ-50 ለቀቁ፤ እርሱም የቢ-29 ልጅ፣ ሞተሩ የበረታ ቦምብ ጣይ ሲሆን እስከ 1965 አገልግሏል። ማጣሪያ ወረቀቱ ደግሞ «ኮንስታንት ፊኒክስ» ወደተባለው የጄት አውሮፕላን ተሸጋገረ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 ሰሜን ኮሪያ የመጀመሪያውን የኑክሌር ሙከራ ባደረገች ጊዜ፣ አሜሪካ ሙከራውን ያረጋገጠችው ከሁለት ቀን በኋላ ከአየር ላይ በተሰበሰበ ናሙና ውስጥ ጨረር አመንጪ ትቢያ በማግኘቷ ነው።