የንጋት ዜማና የሰመጠ አፍንጫ

ጎሕ ሳይቀድ በሰው ደጅ ቆመው እያዜሙ የሚለምኑት፣ ሲሰጣቸውም መርቀው የሚሄዱት ሐሚናዎች ከላስታው ንጉሥ ጋር ስም ይጋራሉ፤ ላሊበላ ይባላሉ። ማዜሙን ያቋረጠ በሥጋ ደዌ ይመታል የሚለው እምነትም ከትውልድ ወደ ትውልድ አብሯቸው ተጉዟል። ይህ ጸሐፊ ግጥማቸውን ያደንቃል፤ ፍርሃቱን ግን መመርመር ይገባል።

ሥጋ ደዌ የዘር እርግማን አይደለም። ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. ያገኘው ባክቴሪያ የሚያመጣው ነው። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ያለ ገላ ስለሚስማማው አፍንጫ ውስጥ ይሰፍራል፤ ስሱን ሽፋን ያቆስላል፤ ለስላሳውን አጥንት ይበላል፤ በመጨረሻም የአፍንጫው ድልድይ ይሰምጣል። የደነዘዘ እጅ በጋቢ ይሸሸጋል፤ ፊትስ በምን ይሸሸጋል?

አፍንጫን መልሶ መሥራት ጥንታዊ ጥበብ ነው። በሕንድ በቅጣት የተቆረጠ አፍንጫ ከግንባር በሚወርድ ቆዳ ይሠራ ነበር። (በእኛም አገር በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ ይህንኑ ቅጣት ቀምሰዋል።) የሥጋ ደዌ ጉዳት ግን ሌላ ነው፤ የውጭው ቆዳ አለ፣ የጠፋው የውስጡ ነው። የኒው ዚላንድ ተወላጁ ቀዶ ሐኪም ሃሮልድ ጊሊስ ይህን አስተውሎ፣ የተኮማተረውን ከውስጥ አላቅቆ ከሌላ ገላ በተወሰደ ስስ ቆዳ ለበጠው፤ የሰመጠውም አፍንጫ ተነሣ።

በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌን ሕክምና ከተሐድሶና ከሥልጠና ጋር አጣምሮ ያዘ። በወሎም ቦሩ ሜዳ የዚሁ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ነበረች። በ1974 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የተጣመሩ መድኃኒቶችን መከረ፤ በጊዜ የተደረሰበት ሕመምተኛ አፍንጫው ሳይሰምጥ ይድናል። ላሊበላው ሲፈራው የኖረው ደዌ መድኃኒት ዛሬ በነፃ የሚታደል ክኒን ነው።