የአባት ጸሎት፣ የአባት አለንጋ፦ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና ልጁ በእደ ማርያም

እሑድ ማለዳ በአቃቂ ቃሊቲ ነጠላ ለብሶ፣ ልጁን በእጁ ይዞ ወደ ቅዳሴ የሚሄድ አባት ማየት ብርቅ አይደለም። በሌላው ቀን ያ አስፋልት የሲኖትራክ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ነጭ ልብስ ይበዛበታል። ልጁ አንዳንዴ በደስታ ይሮጣል፣ አንዳንዴ እየተጎተተ ያለቅሳል። ያ ልጅ አድጎ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ስለ እምነቱ ቢጠየቅ መልሱ ከአባቱ ይጀምራል። «አባቴ ሌሊት ተነሥቶ ሲጸልይ እሰማው ነበር» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጾም ገድፌ ያገኘኝ ቀን በርበሬ አጥኖኛል» ይላል። የሚጸልየውም በርበሬ የሚያጥነውም አንድ ሰው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። አንዱ አባቱን እንደ ጻድቅ ቆጥሮ ጸሎቱንም ዱላውንም ይወርስና ለልጁ ያስተላልፋል። ሌላው ዱላውን ሲጥል ጸሎቱንም አብሮ ይጥላል፤ ቤተ ክርስቲያን በደጅ ባለፈ ቁጥር የአባቱ ቁጣ ትዝ ይለዋል። ከሁለቱም የተለየ መንገድ የሄደ አንድ ልጅ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አለ። የዚያ ልጅ አባት ተራ ሰው አልነበረም።

የአቃቂ ወንዝ መጨረሻው አዋሽ ነው። በዚሁ በአዋሽ አካባቢ በድሮ ዘመን ፈጠጋር የሚባል አገር ነበር። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1399 ገደማ የተወለደው እዚያ፣ ጥልቅ በሚባል ቦታ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ዐፄ ዳዊት ከ1382 እስከ 1413 የነገሠ፣ ለእመቤታችን በነበረው ፍቅር የሚታወቅ ንጉሥ ነው። ተአምረ ማርያም ወደ ግእዝ የተመለሰው በእርሱ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ግማደ መስቀሉም በእርሱ ዘመን እንደመጣ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ዳዊት ሌላም ነገር ለልጁ ትቷል። የቀዳሚት ሰንበትን እናከብራለን በማለታቸው ሲሰደዱ የኖሩትን የአባ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች መጀመሪያ አሰራቸው፤ በ1404 ግን ሐሳቡን ለውጦ በሥርዓታቸው እንዲኖሩ ፈቀደላቸው። ንጉሥ ሆኖ ከራሱ ውሳኔ መመለስ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አይደለም።

ዘርዐ ያዕቆብ ይህን ሁሉ ወረሰ፣ ጨመረበትም። በ1434 ነገሠ። በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሰብስቦ የሰንበትን ክርክር ዘጋ፤ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ተወሰነ፣ አባቱ የጀመረውን እርቅ ልጁ ፈጸመው። በስሙ መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ ይታወቃሉ። ካህናት በሰንበትና በበዓል ሕዝቡን እንዲያስተምሩ አዘዘ። የእመቤታችንን በዓላት አበዛ፣ ተአምሯ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ደነገገ። ዛሬ በአቃቂም ሆነ በጎንደር ተአምረ ማርያም ሲነበብ ቆሞ የሚያዳምጥ ምእመን፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ በዚያ ንጉሥ ሥርዓት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ አባት ማን ይጠላል?

ነገር ግን ፍርሃት ነበረበት። ዙፋን ላይ ከመውጣቱ በፊት በግዞት የኖረ ሰው ነው፤ ወንድሞቹና የወንድሞቹ ልጆች በየተራ ነግሠው በየተራ ሲሞቱ አይቷል። ሴራም መተትም ከየአቅጣጫው ይመጣብኛል ብሎ ያምን ነበር። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው በደብረ ብርሃን ቤተ መንግሥቱ ካህናት ሌት ተቀን መዝሙረ ዳዊት ይደግሙ፣ ጠበል ይረጩ ነበር፤ አስማተኞች እንዳይጎዱት። ይህን የሚያነብ ሰው መጀመሪያ ያደንቃል፤ ቀጥሎ ይጨነቃል። ጸሎቱ እውነተኛ ነው፤ ጸሎቱን የሚያስነሣው ግን ፍቅር ብቻ አልነበረም።

ፍርሃቱ ወደ ሕግ ተለወጠ። ሰው ሁሉ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጁ ደግሞ ዲያብሎስን መካዱን የሚናገር ጽሕፈት እንዲይዝ ታዘዘ፤ እምቢ ያለ ተቀጣ። ለሥላሴ ካልሆነ በቀር አንሰግድም ያሉት የአባ እስጢፋኖስ ደቀ መዛሙርት ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ በደብረ ብርሃን በድንጋይ ተወገሩ። ከዚያ በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ፣ ንጉሡም ሥራዬ ተወደደልኝ ብሎ በስፍራው ቤተ ክርስቲያን ሠራ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚያ ብርሃን ነው። በ1456 ሃሌ የተባለው ባለ ጅራት ኮከብ በዓለም ሁሉ ስለታየ ብርሃኑ እርሱ ነው የሚሉ አሉ። ብርሃኑ ምንም ይሁን ምን፣ የተወገሩት ሰዎች ክርስቲያኖች ነበሩ።

ነገሩ ከዚያ ወደ ቤቱ ገባ። ደስክና ዲኖ ለሚባሉ ጣዖታት ሰግደዋል የሚል ክስ በራሱ ልጆች ላይ መጣ። ወንዶቹ ገላውዴዎስ፣ ዓምደ ማርያም፣ ዘርዐ አብርሃምና በትረ ጽዮን፤ ሴቶቹ ድል ሰመራ፣ ሮም ገነየላና አድል መንገሻ ናቸው። ንጉሡ ምርመራ አላበዛም። አስገረፋቸው፤ ከልጆቹ በግርፋቱ የሞቱ አሉ። ሕዝቡን ሰብስቦ በልጆቹ ላይ የሆነውን ሲያሳይ ሰው ሁሉ አለቀሰ ይላል ዜና መዋዕሉ። ለሃይማኖቱ ልጁን እንኳ አልራራለትም ብሎ የሚያመሰግነው አንባቢ ይኖር ይሆናል። አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋ በተነሣ ጊዜ ግን እጁን የያዘ ድምፅ ነበረ። በደብረ ብርሃን እጅ የያዘ አልነበረም።

በእደ ማርያም የዚህ ቤት ልጅ ነው። በ1448 ገደማ ተወለደ። ስሙ «በማርያም እጅ» ማለት ነው፤ የአባቱ ፍቅር በስሙ ላይ አለ። እናቱ ጽዮን ሞገሳ ትባላለች። ንጉሡ ልጇን ለማንገሥ ከአንዳንድ ሰዎች ጋር ታሤራለች ብሎ ጠረጠራት፤ አስደበደባት፤ በ1462 በዚሁ ምክንያት ሞተች። በደብረ ብርሃን አጠገብ በመቅደሰ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በስውር ተቀበረች። ልጇ እንዳይሰማ ተደረገ።

ልጁ ግን ሰማ። ገና ጎረምሳ ነው። ሰይፍ አላነሣም፣ ወደ ጠላትም አልሸሸም። እናቱ ወደተቀበረችበት ቤተ ክርስቲያን ዕጣንና ለአገልግሎት የሚያስፈልግ ስጦታ ላከ። ይህን ዕጣን ያስተማረው አባቱ ነው። እግዚአብሔርን በማስታወስ ሙታንን ማስታወስ፣ ለእመቤታችን ቤት መስጠት፣ ያ ሁሉ የዘርዐ ያዕቆብ ትምህርት ነው። ልጁ የተማረውን ሲፈጽም ግን አባቱ ያጠፋትን ሴት እያስታወሰ ነበር። ንጉሡ ሲሰማ ተቆጣ። ልጁም መሐሪ ክርስቶስ ከሚባል አገልጋዩ ጋር ታሰረ።

ያዳነው የመነኮሳት ልመና ነው። የደብረ ሊባኖስና የሌሎች ገዳማት መነኮሳት ገብተው ለመኑ፣ አባትና ልጅ ታረቁ። ኋላም ንጉሡ ለዙፋኑ ያሰበው ይህን ልጅ ነው። በእርቁ ቀን ምን እንደተባባሉ ማወቅ ደስ ይል ነበር። «አጥፍቻለሁ» ተብሎ ይሆን? ብዙ አባት ይህን ቃል ሳይናገር ይሞታል።

ዘርዐ ያዕቆብ በ1468 በደብረ ብርሃን ዐረፈ። ልጁ የሃያ ዓመት ሰው ሆኖ ነገሠ። የአዲሱ ንጉሥ የመጀመሪያ ሥራ አባቱ ያሰራቸውን መፍታት ነው። አስቡት፤ የአባቱ ሬሳ ገና ሳይቀዘቅዝ የአባቱን እስር ቤት ከፈተ። አባቱ አፍርሶት የነበረውን የጠቅላይ ግዛት ሹመትም መለሰ። ሆኖም የአባቱን መጻሕፍት አላቃጠለም፣ የሰንበትን ውሳኔ አልሻረም፣ ለእመቤታችን የነበረውን አምልኮ አላቀዘቀዘም። በአማራ ሳይንት አትሮንሰ ማርያም የተባለውን ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የጀመረ እርሱ ነው፤ የነገሥታት አያቶቹንም ዐፅም ወደዚያ አስፈልሷል። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ በ1531 በግራኝ ጦርነት ተቃጥሏል።

አንድ ሌላ ነገር አለ። እናቱ ሞታለች፤ ከአባቱ ሚስቶች አንዷ የሐድያ ተወላጅ እቴጌ እሌኒ ግን በሕይወት አለች። እሌኒ መጽሐፍ የምታውቅ፣ ነገር የምትመዝን ሴት ነበረች። የቀድሞ ንጉሥ ሚስት ከአዲሱ ቤተ መንግሥት ገሸሽ ማድረግ የተለመደ ነው። በእደ ማርያም ግን ማዕረጓን ጠበቀላት፣ እንደ እናቱ አከበራት። እሌኒ ከዚያ በኋላ ለዐሥርት ዓመታት የመንግሥት ምሰሶ ሆና ቆየች፤ በ1509 ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላከችው እርሷ ናት። አባቱ ሴቶችን በቤቱ ውስጥ የጠረጠረበትን ዙፋን የወረሰ ሰው፣ ለአንዲት ሴት በቤቱ ውስጥ ያን ያህል ስፍራ ሰጣት።

በእደ ማርያም መልአክ አልነበረም። በጦር ሜዳ ጨካኝ የሆነበት ጊዜ አለ፤ በዶብዓ ላይ የዘመተው ዘመቻ ለስላሳ አልነበረም። ከአዳልም ጋር ሲዋጋ ተሸንፏል። ዐሥር ዓመት ብቻ ነግሦ በ1478 ሞተ። የአባቱን ያህል ስሙ አይነሣም፤ የታሪክ ትምህርት ላይ ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ይታለፋል። ያለ ምክንያት አይደለም፣ የአባቱ ሥራ ትልቅ ነው። ግን ከአባቱ ቤት የወጣ ልጅ ምን እንደያዘና ምን እንደጣለ ማየት የሚፈልግ ሰው ከእርሱ የተሻለ ምሳሌ በቀላሉ አያገኝም።

አባትን መተቸት በአበሻ ዘንድ ከባድ ነው። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ይባላል፤ ንጉሡ አባት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለ አባት ነውር የሚያወራ ልጅ ካም ይባላል፣ የኖኅን እርቃን ያየው። ሆኖም የዘርዐ ያዕቆብን ግርፋት ለትውልድ ያቆየው ጠላት አይደለም። የጻፈው የቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል ነው፣ ንጉሡን የሚያመሰግነው ያው መጽሐፍ። ፔሩሾን የተባለ ፈረንሳዊ በ1893 በፓሪስ ያሳተመው ይህን ነው። ጸሐፊው የሰማዩን ብርሃንም፣ የደብረ ምጥማቅን ጉባኤም፣ የልጆቹን ጅራፍም በአንድ ጥራዝ አኖረ። አልሸፈነም፣ አላዋረደምም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በዐሥራ ስምንተኛው ምዕራፍ የአባቱን ኀጢአት አይቶ እንደ እርሱ ያላደረገ ልጅ በሕይወት ይኖራል ሲል «አይቶ» የሚለው ቃል ቦታ አለው። ያላየ ልጅ ሊመርጥ አይችልም።

የዘርዐ ያዕቆብ አፅም ዛሬ በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል፣ ጎብኚ በጀልባ ሄዶ ያያል። የጽዮን ሞገሳን መቃብር ፈልጎ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ሰው ግን ብዙ አይደለም። ለዘመናት ተቀምጦ የታተመው ያ ጥራዝ ባይኖር፣ አንድ ጎረምሳ ለእናቱ ዕጣን መላኩን የሚያውቅ አይኖርም ነበር።