ከመርዝ ፍሩሽካ እስከ ጠረን ወጥመድ

ከካራማራ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ በቀብሪበያህና በሐርሺን በኩል እስከ ሐውድ ግጦሽ የሚዘረጋው የጅጅጋ ሜዳ፣ ገበሬው ማሽላና ስንዴ የሚዘራበት፣ አርብቶ አደሩም ግመልና በግ የሚያሰማራበት አገር በመሆኑ፣ ነቢዩ ኢዩኤል በየስማቸው የጠራቸው ተምች፣ አንበጣና ኩብኩባ በመጡ ቁጥር ሁለቱንም በአንድነት ያስለቅሱ ነበር። ሕዝቡ እንደየሃይማኖቱ ምሕላና ዱዓ ያደርሳል፤ ቆርቆሮ እየደበደበና ጭስ እያጨሰም ያባርራል፤ የተባረረው መንጋ ግን የሚያርፈው ከጎረቤት ማሳ ነው።

እንግሊዞች አገሩን በወታደር ያስተዳድሩ በነበረበት ዘመን የተያዘው መድኃኒት፣ ክንፍ ሳያወጣ መሬት ለመሬት በሚጓዘው ኩብኩባ ፊት የሚነሰነስ፣ በአርሴኒክ የተለወሰ ፍሩሽካ ነበር። አርብቶ አደሩ ለግመሉ መስጋቱን አንዳንዶች እንደ ድንቁርና ቆጥረውበታል፤ ዳሩ ግን አርሴኒክ ኩብኩባን ከግመል አይለይምና ፍርሃቱ የዐዋቂ ፍርሃት ነበር። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጎረቤቶቿ አዲስ አበባ ላይ ተፈራርመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅትን ካቋቋሙ በኋላ ደግሞ ፀረ ተባይ መርዝ በአውሮፕላን ይረጭ ነበር።

ይኸው ድርጅት ለተምች ግን በሌላ ጥበብ ተጠቀመ። የተምች እናት የሆነችው የእሳት ራት በሌሊት ወንዱን የምትጠራበትን ረቂቅ መዓዛ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ለይተው በብልሃት ስለ ሠሩት፣ ያ ጠረን የተነከረበት ትንሽ ጎማ ከባልዲ መሰል ወጥመድ ክዳን ሥር ይንጠለጠላል፤ ወንዱ ሽታውን ተከትሎ በማጥለያው ቁልቁል ይወርድና ተመልሶ መውጫ ያጣል። ወጥመዱ ማሳውን አያድንም፤ ነገር ግን ጠዋት የሚቆጠረው የእሳት ራት ከዝናብ ጋር ሲበዛ፣ ትሉ ከመፈልፈሉ በፊት ገበሬው ይነቃል።

አንበጣው ይከብዳል። የነፍሳት ሊቁ ቦሪስ ኡቫሮቭ በ1913 ዓ.ም. ብቻውን የሚኖረውና በመንጋ የሚጓዘው አንበጣ አንድ ዘር መሆናቸውን ካስረዳ ወዲህ፣ በናይሮቢ ያሉ የነፍሳት ተመራማሪዎች የጎልማሳው ወንድ ጠረን በኩብኩባ ላይ ሲረጭ ማኅበሩን እንደሚበትን ደርሰውበታል። ይሁንና ይህ በእግር ለሚሄደው እንጂ ለሚበረው አይደለም፤ በታኅሣሥ 2012 ማብቂያ መንጋው የመንገደኞች አውሮፕላን ድሬዳዋ እንዳያርፍ ሲከለክል የተያዘው ያው የቀድሞው ርጭት ነበር።

የወጥመዱ ጥቅም ቀድሞ ማንቃቱ፣ የአርብቶ አደሩም ፍርሃት የዐዋቂ ፍርሃት ስለ ነበር፣ የሶማሌ ክልል ግብርና ሹማምንት የተምች ወጥመድ ሲተክሉ ቆጣሪውን ከአርብቶ አደሩ ልጆች ይምረጡ፤ የተቆጠረውም በዚያው ዕለት በሶማልኛ በራዲዮ ይነገር።