የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነጻነት በጥንት ክርስትና

በሐዋርያት ዘመን አንዲት አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን በሌላ አጥቢያ ሥር አልነበረችም። የሐዋርያትን ትምህርት ተቀብላ፣ ከመካከልዋ በተሾሙ ሽማግሌዎች ትመራ ነበር። ይህ ነጻነት ግን ለማንም የማትጠየቅ አላደረጋትም።

1. አስተዳደር

ጳውሎስና በርናባስ በየቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችን ሾሙ (ሐዋ. 14፡23)። በግሪኩ “ኤጲስ ቆጶስ” ማለት ተመልካች፣ ጠባቂ ማለት ሲሆን፣ የኤፌሶን ሽማግሌዎች በዚሁ ስም ተጠርተዋል (ሐዋ. 20፡17፣ 28)። በፊልጵስዩስም ኤጲስ ቆጶሳቱ ከአንድ በላይ ነበሩ (ፊል. 1፡1)። በቆሮንቶስ ኃጢአት በተገለጠ ጊዜ ጳውሎስ እርምጃውን እንዲወስድ ያዘዘው የተሰበሰበውን ጉባኤ ነው (1ቆሮ. 5፡4-5)። በራእይ 2 እና 3 ጌታ ሰባቱን አብያተ ክርስቲያናት እያንዳንዳቸውን ስለ ራሳቸው ሥራ ይጠይቃል።

2. ኅብረት

አንጾኪያ በግዝረት ጉዳይ ክርክር ሲነሣ ወደ ኢየሩሳሌም መልእክተኞችን ላከች (ሐዋ. 15)። መቄዶንያና አካይያ ለኢየሩሳሌም ድሆች ገንዘብ አዋጡ (ሮሜ 15፡26)። በአንጻሩ ዲዮጥራጢስ ከሌላ ስፍራ የመጡትን ወንድሞች አልቀበልም በማለቱ፣ የሚቀበሏቸውንም ከቤተ ክርስቲያን በማስወጣቱ ተወቅሷል (3ዮሐ. 9-10)።

እ.ኤ.አ. በ96 ገደማ የቆሮንቶስ ምእመናን ሽማግሌዎቻቸውን ከሥራ አወረዱ። የሮም ቤተ ክርስቲያን ዛሬ “1ኛ ቀሌምንጦስ” የሚባለውን ደብዳቤ ጽፋ፣ ሽማግሌዎቹ በግፍ መነሣታቸውን ገሠጸች፤ ሰላም እንዲወርድም መልእክተኞችን ላከች። ደብዳቤው የተላከው በጉባኤው ስም እንጂ በአንድ ጳጳስ ስም አይደለም።

3. ለውጡ

በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የአንጾኪያው አግናጥዮስ ምእመናን ከሐሰት ትምህርት እንዲጠበቁ በአንድ ጳጳስ ዙሪያ እንዲሰበሰቡ አጥብቆ መከረ። ይህ አሠራር ቀስ በቀስ በየከተማው ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ325 የኒቅያ ጉባኤ በ4ኛው ቀኖናው የጳጳስ ሹመት በክፍለ ሀገሩ ጳጳሳት እንዲፈጸምና በዋና ከተማው ጳጳስ እንዲጸና ወሰነ። ከዚህ በኋላ የአጥቢያ ጉዳይ ይበልጥ ከአጥቢያ በላይ ባለ መዋቅር የሚወሰን ሆነ።

ማጠቃለያ

የጥንት ምእመናን ነጻነትንና ተጠያቂነትን አልነጣጠሉም። ቆሮንቶስ የራስዋ ሽማግሌዎች ነበሯት፤ ስትሳሳት ግን ከሩቅ የሚገሥጻት እኅት ቤተ ክርስቲያን አላጣችም። ዛሬም “አጥቢያችን ነጻ ናት” የምንል ሁሉ ራሳችንን እንጠይቅ፦ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ቢደርሰን በጉባኤ ፊት እናነበዋለን ወይስ እንደ ዲዮጥራጢስ በሩን እንዘጋለን?